በሩ የሚዘጋበት ሰዓት፤ የሐረር ሌሊት ታሪክ

ዓሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐረርን በግንብ ያጠሯት ከጦር ሊጠብቋት ነው። ግንቡ ግን ሌላም ሥራ ሠራ፤ ለከተማይቱ ቀንና ሌሊቷን ለየላት። ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሚዞረው ጀጎል አምስት በር ነበረው፤ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር። በዚያ ዘመን ጎህ ሲቀድ በሮቹ ይከፈታሉ፣ የገጠሩ ገበሬ ጦሩን በር ላይ አስቀምጦ ወደ ገበያ ይገባል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ገበያው ይበተናል፣ የውጭው ሰው ይወጣል፣ በሮቹ ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ መንገዱ የጅብ ነው።

በግንቡ ሥር ሐረሪዎች ወረባ ኑዱል የሚሏቸው ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች አሉ። ጅብ በእነሱ ሾልኮ ይገባና በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ሲዞር አድሮ፣ የሥጋ ትራፊውንና አጥንቱን ለቃቅሞ፣ ሳይነጋ ይወጣል። የከተማው ሰው አያሳድደውም፤ ቆሻሻውን ማጽዳቱ ሳያንስ ጂኒውንም ይውጥልናል ብሎ ያምናል። በዓሹራ ዕለት ደግሞ ገንፎ ይቀርብለታል። አንዲት ከተማ ቀኑን ለሰው፣ ሌሊቱን ለጅብ ሰጥታ ኖረች።

ይህን ሥርዓት የሚያቃና አንድ ነገር ከሰማይ ነበራት። ሐረር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስቶክሆልም ውስጥ ፀሐይ በሰኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ትወጣለች፣ በታኅሣሥ ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ትቆያለች። እንዲህ ያለ አገር ሰዓቱን ከንጋት ሊቆጥር አይችልም። እኛ ግን ቆጠርን፤ ክርስቲያኑ ቀኑን ከማለዳ፣ ሙስሊሙ ከመግሪብ ይጀምራል፣ ሁለቱም ፀሐይን ይዘው ነው። በሐረር የሱብሂ አዛን ሲሰማ ሰው ከመኝታው ተነሥቶ ወደ መስጊድ ይሄዳል፣ ሲመለስ የማለዳው ብርሃን ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ከ82 የማያንሱ መስጊዶች በ48 ሄክታር ላይ በተሰባሰቡባት ከተማ ያን ጥሪ የማይሰማ አልጋ አይኖርም። ዛሬ ሐኪሞች እንቅልፍ ለቸገረው ሰው የሚያዙት ይህንኑ ነው፤ በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፣ ወዲያው ውጭ ወጥቶ ብርሃን ማግኘት።

ቤቱም ሌሊቱን ያከብራል። ጌይ ጋር የሚባለው የሐረሪ ቤት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አለው፤ ትልቁ ክፍል ብርሃን የሚያገኘው ይበልጡን በበሩ ነው። በሩ ሲዘጋ ነደባ የሚባሉት ከፍ ያሉ መቀመጫዎች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰፌዶችና ሳህኖች ሁሉ ወዲያው ይጨልማሉ። ከትልቁ ክፍል ጎን ኪርተት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች። አዲስ ተጋቢዎች አንድ ሳምንት ያህል እዚያ ይቆያሉ፣ ምግባቸውንም በትንሽ መስኮት ይቀበላሉ። ከውጭ ዓለም ተለይተው ይቀመጡ እንጂ ምሳቸው በምሳ ሰዓት፣ እራታቸው በእራት ሰዓት ይመጣላቸዋል፤ አዛኑም ይሰማቸዋል።

ሰው ከፀሐይም ከአዛንም ከምግብ ሰዓትም ቢለይ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ የዓለም ሊቃውንት ለመጠየቅ ብዙ ቆዩ። መጀመሪያ የተጠየቀው ተክል ነው። ዓሚር ኑር ካረፉ 160 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1729፣ ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሰው ዣን ዣክ ደ ሜራን ቀን ቅጠሉን የሚዘረጋ፣ ማታ የሚያጥፍ ተክል ጨለማ ውስጥ ከተተ። ተክሉ ፀሐይን ሳያይ በሰዓቱ መዘርጋቱንና መታጠፉን ቀጠለ። በውስጡ የሚቆጥር ነገር አለ ማለት ነው። ነገሩ ግን ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ብዙ ሰው ሳያስጨንቅ ተቀመጠ።

እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 1855 እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሐረር ገባ። ከተማይቱን ያስተዳድሩ የነበሩት ዓሚር አሕመድ ኢብን አቢ በክር ናቸው። በርተን አሥር ቀን ቆይቶ ከወጣ በኋላ የጻፈው መጽሐፍ ስለ ከተማይቱ ብዙ ክፉ ቃል አለበት፤ እኔ የምወድደው መጽሐፍ አይደለም። ሁለት ነገር ግን በደንብ አይቶ መዝግቧል። አንደኛው፣ የበሮቹ ቁልፎች ማታ ማታ ወደ ዓሚሩ ይወሰዳሉ፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ከከተማው የሚወጣ የለም። ሁለተኛው ጫትን ይመለከታል። የሐረር ሰው ጫት የሚቅመው በየዕለቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀትር ገደማ ነው ይላል፤ ከዚያ ምሳ ይበላል። ዑለማዎቹ ቅጠሉን የደጋጎች ምግብ አድርገው እንደሚያዩት፣ ሐሳብ እንደሚያጠራ፣ ልብ እንደሚያስደስት፣ እንቅልፍም እንደሚቀንስ የነገሩትን ጽፏል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የቀረው ታሪክ የሚዞረው በዚህ ሰዓት ዙሪያ ነውና። ጫት በዚህ ምድር አዲስ ነገር አይደለም፤ የዓፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙን ያነሣል። እንቅልፍ እንደሚያባርርም ሁሉም ያውቅ ነበር። ሰው የሚያውቀውን ነገር በሰዓቱ ያስቀምጣል። ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ተቅሞ ምሳ ከተበላበት፣ የቅጠሉ ኃይል እስኪመሽ አብዛኛው ይበርዳል፤ ሌሊቱ ለእንቅልፍ ይተርፋል። የሌሊት ቅሚያ ለዝክሪና ለዱዓ ሌሊቶች ነበር፤ ያ ደግሞ ሰው ዐውቆ፣ ለአምልኮ ብሎ እንቅልፉን የሚሠዋበት ነው።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ፈጠነ። እ.ኤ.አ. በ1875 ራውፍ ፓሻ የግብፅን ጦር ይዞ ገባ፤ ግብፆች አሥር ዓመት ቆይተው ወጡ። ዓሚር አብዱላሂ ለአጭር ጊዜ ገዙ። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ምኒልክ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ፣ አስተዳደሩም ለራስ መኮንን ተሰጠ። ፈረስ መጋላ ላይ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ ከሱብሂው አዛን ጋር የቅዳሴ ደወል በአንድ ማለዳ መሰማት ጀመረ። እነዚህ ሁለት ድምፆች ሲነቃቀፉ የሚያይ ብዙ ጸሐፊ አለ። ለአካል ግን የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ነግቷል፣ ተነሥ።

እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ደረሰ። ባቡር በፀሐይ መውጣት ሳይሆን በደቂቃ ይነሣል፤ የሐረር ነጋዴም ቡናውንና ቆዳውን ለባቡሩ ሰዓት ማድረስ ነበረበት። ቡናው በረጅም ጉዞ አይበላሽም። ጫት ግን አይጠብቅም፤ ከተቀነጠበ በሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉ ይዳከማል። የጫት ታሪክ ተመራማሪው ኢዝቄኤል ገቢሳ እንዳሳዩት፣ መጀመሪያ ባቡሩ፣ ቀጥሎ የጭነት መኪናውና አውሮፕላኑ የሐረርጌን ቅጠል ለጅቡቲ፣ ለኤደንና ለሶማሌ አገር ገበያ ሲያቀርቡት፣ ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ። ከሐረር አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አወዳይ በዚህ ንግድ አደገች። ቅጠሉ ነገ ሩቅ አገር ትኩስ ሆኖ እንዲደርስ ዛሬ ሌሊት መታሰር፣ መጠቅለልና መጫን አለበት። የዓሚሩ ቁልፍ ሌሊቱን ይዘጋ በነበረበት አካባቢ ሌሊቱን የሚሠራ ከተማ ተፈጠረ። ጫኙና ሾፌሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ መንገድ ላይ ናቸው፤ የሰው አካል ሙቀቱ የሚወርደው፣ ዓይን ሳይታወቅ የሚከደነው፣ የመኪና አደጋም የሚበረታው በዚያው ሰዓት ነው።

በዚሁ መቶ ዓመት ውስጥ ደ ሜራን የተወው ጥያቄ ወደ ሰው ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1938 ናታንኤል ክላይትማን ከአንድ ተማሪው ጋር በአሜሪካ ማሞት ዋሻ ውስጥ ገብቶ ከወር በላይ ኖረ፤ አካላቸውን የ28 ሰዓት ቀን ሊያስለምዱ ነበር። ተማሪው ለመደ፣ ክላይትማን ግን አካሉ እምቢ አለው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመናዊው ዩርገን አሾፍ ሰዎችን የፀሐይ ብርሃንም የውጭ ድምፅም ሰዓትም በሌለበት ምድር ቤት ውስጥ ለሳምንታት አስቀመጠ። ተኙ፣ ተነሡ፣ በሉ፤ ግን ቀናቸው ከ24 ሰዓት ትንሽ ይረዝም ስለነበር ከውጭው ዓለም እየዘገዩ ሄዱ። ኋላ በትክክል ሲለካ የብዙው ሰው ውስጣዊ ሰዓት ከ24 ሰዓት የሚያልፈው በደቂቃዎች ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያቺን ትርፍ በየዕለቱ የሚያርማት የማለዳ ብርሃን ነው። ሳያርማት የቀረ ሰው ዛሬ ትንሽ ይዘገያል፣ ነገም ይጨምራል።

ሰዓቱ የት እንደተቀመጠ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች እርስ በርስ ከሚሻገሩበት በላይ፣ አንጎል ውስጥ፣ 20 ሺህ ያህል ሕዋሳት ያሉት ቅንጣት ክፍል አለ። ዓይን ብርሃኑን ለዚያ ይነግራል፤ እሱም የሰውነትን ሙቀት፣ ረኀብን፣ የደም ግፊትን፣ ማታ ማታ የሚመነጨውንና እንቅልፍ መቅረቡን የሚያበሥረውን ሜላቶኒን ያዝዛል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሮናልድ ኮኖፕካና ሲሞር ቤንዘር ይህን ሰዓት የሚያዛባ ዘረ መል በዝንብ ላይ አግኝተው ነበር። እሱን ተከትለው አሠራሩን የፈቱት ሦስት አሜሪካውያን፣ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ከትኩስ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለየ። የሐረር ዑለማ ከበርተን ጋር ሲጨዋወቱ እንቅልፍ ይቀንሳል ያሉት ኃይል ስም አገኘ። ካቲኖን ቅጠሉ ሲደርቅ ይከስማል፤ የአወዳይ ሌሊት ሩጫ ምክንያቱ ይኸው ነው። ደም ውስጥ የሚከማቸው ቅሚያው ከተጀመረ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው፤ ከዚያም ቀስ እያለ ይወርዳል።

በ1970 ዓ.ም. ሐረር የምትጨነቀው በሌላ ነበር። የሶማሊያ ጦር እስከ ከተማይቱ ዳርቻ ደርሶ ለወራት ውጊያ ሆነ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የአገሪቱን ከተሞች ማታ ማታ ወደ ቤት አስገባ፤ በሩ እንደገና ተዘጋ ማለት ይቻላል። ግን በፍርሃት የተዘጋ በር እንቅልፍ አያመጣም። የመድፍ ድምፅ የሚጠብቅ ሰው ዓይኑን ቢጨፍንም አካሉ እንደነቃ ያድራል፤ ያንን ዘመን ያሳለፉ የሐረር እናቶችና አባቶች ይህን ከማንም ሐኪም በላይ ያውቁታል።

ሰላም ሲመጣ መብራቱም በዛ። የሌሊት መብራት በአካል ላይ የሚያደርገው ግን አስቀድሞ ታውቆ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1980 አልፍሬድ ሉዊ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ደማቅ ብርሃን በሌሊት የሰውን ሜላቶኒን እንደሚገታ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በዓይን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ብርሃኑን ለዚያ ሰዓት ለመንገር የተሠሩ ሕዋሳት እንዳሉ ተረጋገጠ፤ በተለይ ሰማያዊ ነክ ብርሃን ያነቃቸዋል። የቴሌቪዥኑ፣ የስልኩና የነጩ አምፖል ብርሃን ያ ነው። የቀትር ፀሐይ ከቤት መብራት በብዙ መቶ እጥፍ ይደምቃል፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ ሱቅ ወይም ቢሮ ውስጥ ተዘግቶ ለዋለ ሰው ያቺ የማታ ትንሽ ብርሃን ትበረታበታለች።

የጫቱ ሰዓትም ቦታውን ለቀቀ። ዛሬም በማለዳ ሥራ ሳይጀምር ኢጀባና ብሎ የሚቅም ሰው ብዙ ነው። ዋናው የጋራ ቅሚያ፣ በርጫው፣ ግን ከምሳ በኋላ ሆኗል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ነደባው ላይ መከዳ ይደረደራል፣ ቴርሞስና ውሃ ይቀርባል፣ ዕጣን ይጨሳል። 9 ሰዓት ላይ ጨዋታው ይደምቃል፤ ሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም የሚሠራው ትልቅ ሥራ አለው። 11 ሰዓት ገደማ ምርቃናው ሲደርስ ክፍሉ ዝም ይላል፤ እያንዳንዱ ከራሱ ሐሳብ ጋር ይቀራል፣ የተራረፈው ቅጠል፣ ገራባው፣ ወለሉ ላይ ይከመራል። አንዳንዱ በመግሪብ ይነሣል። ብዙ ወጣት ግን በዚያ አይበቃውም፤ ማታ ሌላ እስር ይገዛል፣ ወይም ለማብረድ ብሎ ለጨብሲ፣ ማለትም ለመጠጥ፣ ይወጣል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልጋው ላይ ጣራ ሲያይ ያገኙታል። መጠጡ ቢያስተኛውም እንቅልፉ የተቆራረጠ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ሲነሣ ራሱ ከብዶት ዓይን መግለጫ ይፈልጋል፤ እንዲህ እያለ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ ኋላ ይሸሻል። በ1855 የነበረው ቅጠል ያው ቅጠል ነው፤ የተለወጠው የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። ስለ ጫት በሚደረገው ክርክር ሁሉ ይህ ሲነሣ አልሰማም፣ ያሳዝነኛል።

ቡናውም ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ከመኝታ ሦስት ሰዓት አስቀድሞ የተጠጣ ሁለት ስኒ ያህል ጠንካራ ቡና የሰውነትን ሰዓት በ40 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይገፋል።

በአገራችን እንቅልፍን የለካ ሥራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በሰብለወንጌል ለማና በባልደረቦቿ የታተመ ጥናት በሁለት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከ2,500 በላይ ተማሪዎችን ጠይቆ 55.8 በመቶ የሚሆኑት እንቅልፋቸው ደካማ መሆኑን አገኘ። ከዚያው ምርምር የወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ፣ በተፈጥሯቸው የማታ ሰው የሆኑት ተማሪዎች ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞሉ፣ ሩቡ ያህል ግን ቀን ቀን እንቅልፍ እንደሚጥላቸው አሳየ። ሁለቱን አጣምሬ ሳነብ የሚገባኝ ይህ ነው፤ ልጆቻችን የሌሊት ሰዎች ሆነው አልተፈጠሩም። የሚያመሻቸው ኑሮው፣ ጥናቱ፣ ጫቱና ስልኩ ነው፤ አካላቸው አሁንም በጎህ መነሣት ይፈልጋል።

ሌሊት ሳይወድ የሚነቃም አለ። በሕይወት ፋናና በጁገል ሆስፒታሎች ተረኛዋ ነርስ ሌሊቱን ስትሯሯጥ አድራ ጠዋት 2 ሰዓት ትወጣለች። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ታበራለች፣ አካሏም ነጋ ብሎ ይሰማል። ቤት ደርሳ ስትተኛ ባጃጁ፣ ጎረቤቱና ልጆቹ ይጮኻሉ፤ ከአራት አምስት ሰዓት በላይ ማን ያስተኛታል? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ሰዓት የሚያዛባ የሌሊት ፈረቃ ሥራን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚባሉት ነገሮች መድቦታል፣ በ2019ም አጽንቶታል። ይህ ጉዳይ የስንፍና ወይም የልምድ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሐረር ሌሊትን ለዘላለም ትተኛ ማለቴ አይደለም። ረመዷን አለ፤ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ከተማው ይነቃል፣ የመኝታ ሰዓት ይገፋል፣ የሜላቶኒንም መጠን ዝቅ እንደሚል አንዳንድ ጥናቶች ያሳያሉ። ከዚያ ስድስቱ የሸዋል ጾም ይቀጥልና ሹዋል ኢድ ይመጣል፤ ወጣቶች በቅዱሳን መቃብር አጠገብ በከበሮና በዝክሪ ያመሻሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት፣ በ2023 ይህን በዓል በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧል። እነዚህ ሌሊቶች መጀመሪያና መጨረሻ አላቸው፤ ሁሉም አብሮ ይነቃል፣ ሁሉም አብሮ ወደ ሰዓቱ ይመለሳል። የሚጎዳው መጨረሻ የሌለው፣ እያንዳንዱ ለብቻው የሚያሳልፈው ሌሊት ነው።

ጅቡ ግን ሰዓቱን አልለወጠም። ዩሱፍ ሙሜ በዘመናቸው፣ አሁን ደግሞ ልጃቸው አባስ፣ ከግንቡ ውጭ ሥጋ ሲያበሉት የሚመጣው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ነው። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት ብዙ የሐረር መንገድ ተነጥፏል፣ መብራትም ተተክሏል። የመንገድ መብራቱን እደግፈዋለሁ፤ ሴት ልጅ በጨለማ መተላለፊያ መፍራት የለባትም። ለሚተክሉት ባለሙያዎች ግን የምለምነው አለኝ፤ ብርሃኑ ወደ መሬት ይውረድ እንጂ ወደ ሰው መኝታ መስኮት አይግባ፤ ነጭ ሳይሆን ወደ ብጫ የሚያደላ ይሁን፤ ወረባ ኑዱሉ አጠገብ ይደብዝዝ። በርጫ ለምትሰበስቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰዓቱን ወደ አያቶቻችሁ ሰዓት መልሱት፤ ካልሆነም በመግሪብ ተነሡ። ሌሊት ሠርታ ከምትገባ ነርስ፣ ከጥበቃ ወይም ከሾፌር ጋር የምትኖሩ ደግሞ፣ ጠዋት መጋረጃውን ዝጉላቸው፣ ልጆቹን ወደ ጎረቤት ውሰዱ፣ እስከ ቀትርም አትቀስቅሷቸው።